አንድ ጠዋት፣ ሦስት ብልሽት፦ የለገሃሩ ትራንዚት ቢሮ አውትሉክ ከደኅንነት አፕዴት በኋላ

ቅሬታው የማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም ስለሆነው ስለ አውትሉክ ነበር፣ አጭርም ነበር፦ «አፕዴቱ አውትሉክን አበላሸብን፤ አንሱልን።» የቀረበው ሰኞ ሰኔ 12 ቀን 2009 ጠዋት፣ ለገሃር አካባቢ ወደ ስታዲየም በሚወስደው መንገድ ላይ ፎቅ ተከራይቶ ከሚሠራ የትራንዚት ቢሮ ነው። ሦስት ነገሮች ባንድ ጊዜ ቆመዋል። ከጅቡቲ ወኪል የሚላኩ አንዳንድ ፒዲኤፎች አይከፈቱም። የወኪሉን አታችመንት (ከኢሜይል ጋር ተያይዞ የሚመጣ ፋይል) ራሱ እያነሣ ሁሉም በሚጋራው ሼርድ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጥ የነበረው ሩል፣ ማለትም አውትሉክ በራሱ የሚፈጽመው ትእዛዝ፣ ዝም ብሏል። ሰርች ሲደረግ ደግሞ ፍለጋው ሊጠናቀቅ አልቻለም የሚል መልእክት ብቻ ይመጣል።

ለትራንዚተር ይህ የምቾት ጉዳይ አይደለም። ቢል ኦፍ ሎዲንግ (ቢኤል፣ የመርከብ ጭነት ሰነድ)፣ ኢንቮይስና ፓኪንግ ሊስት የሚመጡት በኢሜይል ነው። እነሱ ካልተሟሉ ዲክላራሲዮን የሚባለው የጉምሩክ ቅጽ አይሞላም፤ ዲክላራሲዮን ካልተሞላ ኮንቴይነሩ ቆሞ ዲመሬጅ፣ የመዘግየት ክፍያ፣ ይቆጥራል። ስለዚህ የሰነድ ክፍሉ «ነገ እናየዋለን» የሚባል መልስ አይቀበልም፣ ልክም ነው።

ቢሮው 9 ኮምፒውተሮች አሉት፦ ዊንዶውስ 7፣ ኦፊስ 2013 ባለ 32 ቢት፣ ኢሜይሉ ከሆስቲንግ ድርጅት የተገዛና ፖፕ በሚባለው መንገድ ከሰርቨር ወደ ኮምፒውተሩ የሚወርድ። አውቶማቲክ አፕዴት ካለፈው ዓመት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር፤ ምክንያቱም ሁሉም ማሽን ባንዴ ማውረድ ሲጀምር መስመሩ ስለሚታነቅ። ግንቦት 4 ቀን ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ዓለምን ሲያዳርስ ሥራ አስኪያጁ ደንግጠው አፕዴት ይከፈት አሉ፤ ተከፈተ። ግን ብዙም ሳይቆይ በግንቦት መጨረሻ ለብሔራዊ ፈተና ሲባል ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ተዘጋ። መስመሩ ተመልሶ ማሽኖቹ መተንፈስ ሲጀምሩ የተጠራቀመው ከሰኔ 6ቱ አዲስ አፕዴት ጋር ተደርቦ ወረደ። ማይክሮሶፍት በወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ የሚለቀው ጥቅል አዲስ አበባ የሚደርሰው ማክሰኞ ማታ ነው፤ የዚህ ቢሮ ማሽኖች ግን ወረፋው ስለበዛባቸው ጭነው የጨረሱት ቅዳሜና እሑድ ነበር። ሰኞ ሁሉም ሪስታርት አድርገው ገቡ፣ ሁሉም ባንዴ ብልሽቱን አዩ።

አፕዴቱን ማንሳት ለምን አልተሞከረም

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ የተጫኑ አፕዴቶች ዝርዝር አለ፤ መርጦ አንኢንስቶል ማለት ነው። እዚህ ቢሮ ግን ያ ከድጡ ወደ ማጡ ነበር።

ከጥቅምት 2009 ጀምሮ የዊንዶውስ 7 ወርኃዊ ጥቅሎች ተደራራቢ ሆነዋል፤ የሰኔው ጥቅል፣ ቁጥሩ ኬቢ 4022719፣ የቀደሙትን ወራት ሁሉ በውስጡ ይዟል። የመጋቢትን ጥቅል በጊዜው የጫነ ማሽን የሰኔውን ቢያነሣ ወደ ነበረበት ይመለሳል እንጂ ባዶ አይቀርም። እነዚህ ማሽኖች ግን የመጋቢቱን ለብቻው ጭነው አያውቁም። የሰኔውን ማንሳት ማለት ዋናክራይ የገባበትን ቀዳዳ የደፈነውን፣ በመጋቢት 5 የወጣውን ኤምኤስ 17-010ንም አብሮ ማንሳት ነው። የሰኔው ጥቅል ራሱ ደግሞ በዊንዶውስ ሰርች በኩል አጥቂዎች እየተጠቀሙበት የነበረ ሌላ ቀዳዳ ይደፍናል። ከስምንት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 20፣ ኖትፔትያ የተባለው ጥቃት በዚያው በመጋቢቱ ቀዳዳ እየገባ የትልቁን መርከብ ድርጅት የሜርስክን ኮምፒውተሮች ሳይቀር ሲያወርድ፣ ቢሮው «እንኳን አላነሣን» ለማለት በቂ ምክንያት አገኘ።

«አፕዴቱ አበላሸ» የሚለው አነጋገር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ይጨፈልቃል። አፕዴት አንዳንዴ ሳያስብ ይሰብራል፤ ያ ስሕተት ነው፣ ሰሪው ራሱ ማረሚያ ያወጣለታል፣ እስከዚያ ማለፊያ መንገድ መፈለግ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሆን ብሎ ይዘጋል፤ ያኔ ማረሚያ የሚባል ነገር አይመጣም፤ ወይ በሩን አውቆ መክፈት፣ ወይ ሥራውን በሌላ መንገድ መሥራት ነው። የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ ጊዜ ማጥፋት ወይ የማይመጣ ማረሚያ መጠበቅ ነው፣ ወይ በራሱ ሊድን በነበረ ነገር ላይ ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብሮች ማኅደር) ማበላሸት።

ማነጻጸሪያ ማሽን

የሥራ አስኪያጁ ላፕቶፕ በዚያ ሰሞን ጅቡቲ ነበር፤ አፕዴቱን አልወሰደም። ይህ ዘጠነኛው ማሽን ሲመለስ ከሌሎቹ ጎን ተቀምጦ ያው መልእክት ተከፈተበት። ሦስቱም ነገሮች ይሠራሉ። ሰርቨሩ፣ ሆስቲንጉና መስመሩ በዚህ ነጹ።

በቀሩት ላይ አውትሉክ በሴፍ ሞድ ተከፈተ። የዊንዶውስን ቁልፍ ከአር ጋር ተጭኖ አውትሉክ ዶት ኢኤክስኢ፣ ክፍተት፣ ወደ ቀኝ ያዘመመ ስላሽ፣ ሴፍ ብሎ መጻፍ ነው፤ አድ-ኢኖችን (ተጨማሪ ፕሮግራሞችን) ሳይጭን ይነሣል። ምንም ለውጥ የለም። አንቲቫይረሱም ተጠርጥሮ ነበር፣ ያም ነጻ ወጣ። ከዚያ የተጫኑ አፕዴቶች ዝርዝር በቀን ተደርድሮ ሲታይ ሁለት ተጠርጣሪ ቀረ፦ የአውትሉክ 2013 የሰኔ ደኅንነት አፕዴት ኬቢ 3191938 እና ያው የዊንዶውስ ጥቅል። ሁለት ተጠርጣሪ፣ ሦስት ብልሽት። አንዱ ከሌላው እየተነጠለ መታየት ነበረበት።

የፋይል ስሙ

የሚከፈቱና የማይከፈቱ ፒዲኤፎች ከአንድ ላኪ፣ በአንድ ቀን፣ ተመሳሳይ መጠን ይዘው መጥተዋል። «የተከለከሉትን ስማቸውን ብቻ ያንብቡልኝ» ሲባሉ የሰነድ ክፍል ኃላፊዋ አንድ በአንድ አነበቡ። አንዱ «አስቸኳይ!» በሚል ይጀምራል። ሌላው «ቢኤል...የመጨረሻ» ይላል። ሦስተኛውም ቃለ አጋኖ አለበት። የጅቡቲው ጸሐፊ አጣዳፊ ፋይል ላይ ቃለ አጋኖ፣ የተስተካከለ ሰነድ ላይ ሦስት ነጥብ መደርደር ልማዱ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ አንድ ፒዲኤፍ በአራት ስም ተቀድቶ ከጂሜይል ተላከ፦ አንዱ በተራ ስም፣ አንዱ በቃለ አጋኖ፣ አንዱ በሦስት ተከታታይ ነጥብ፣ አንዱ በአማርኛ ፊደል። መጀመሪያውና መጨረሻው ተከፈቱ፤ መሃለኞቹ ሁለቱ አደገኛ ሊሆን ይችላል ተብለው ተከለከሉ። ይዘታቸው አንድ ነው። የሰኔው አፕዴት የፋይል ስምን የሚፈትሽበትን መንገድ ሲያጠብቅ ንጹሑንም አብሮ አጠመደ ማለት ነው። ማይክሮሶፍትም ይህንኑ የታወቀ ችግር ብሎ መዝግቦታል። ተዛማጅ ወጥመድም አለው፦ በመልእክት ውስጥ ሌላ መልእክት አታች ተደርጎ ሲላክ፣ የውስጠኛው መልእክት ርዕስ ከተከለከሉት የፋይል ዓይነቶች በአንዱ ካለቀ ይታገዳል። ርዕሱ በድረ ገጽ አድራሻ ካለቀና መጨረሻው ዶት ኮም ከሆነ ያው ነው፤ ኮም ከጥንት ጀምሮ የፕሮግራም ፋይል ማብቂያ ነውና።

ስለዚህ ይህኛው ስሕተት ነው፤ ሬጂስትሪ አይነካም። በየቦታው የሚሰጠው ምክር ሌቭል ዋን ሪሙቭ የሚባለውን የሬጂስትሪ ቫልዩ (አንድ ቅንብር) ፈጥሮ ፒዲኤፍን መጻፍ ነው። ያ ቫልዩ የሚያገለግለው ከታገዱ የፋይል ዓይነቶች ዝርዝር ውስጥ አንዱን ለማውጣት ነው፤ ፒዲኤፍ ደግሞ መጀመሪያውኑ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ነው። የተደረገው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ለጅቡቲው ጸሐፊ ስም ሲሰጡ ፊደል፣ ቁጥርና ሰረዝ ብቻ እንዲጠቀሙ አንድ መስመር ተጻፈላቸው። ቀድመው የገቡትንና የታገዱትን ደግሞ የሰነድ ክፍሉ በዌብሜይል ገብቶ አወረደ፤ ክልከላው አውትሉክ ላይ እንጂ ሰርቨሩ ላይ አይደለምና። ፖፕ የሚወስዳቸውን መልእክቶች ከሰርቨር እንዲያጠፋ የተደረገ ቢሮ ግን ይህ መንገድ የለውም። እዚህ ለ14 ቀን ቅጂ እንዲቀር ተደርጎ ስለነበር አዳናቸው።

ዝም ያለው ሩል

ከሦስቱ ከባዱ ይህ ነበር፤ ሲበላሽ አይናገርምና። ስሕተት የሚል መስኮት አይመጣም፣ ሼርድ ፎልደሩ ብቻ ባዶ ይሆናል። ሩሉ «ከወኪሉ አድራሻ ሲመጣ ስክሪፕት አስኪድ» የሚል ነበር፤ ስክሪፕቱ አታችመንቱን አንሥቶ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ከአፕዴቱ በኋላ ግን ሩሎችና ማንቂያዎች የሚለው መስኮት ውስጥ አዲስ ሩል ለመሥራት ሲሞከር «ስክሪፕት አስኪድ» እና «ፕሮግራም አስነሣ» የሚሉት ሁለቱ ምርጫዎች ጭራሽ የሉም።

ምርጫው ከነምስሉ ሲጠፋ ያ ብልሽት አይደለም፤ የተዘጋ በር ነው። ምክንያቱም ይታወቃል። ሴንስፖስት የተባለ የደቡብ አፍሪካ የደኅንነት ድርጅት «ሩለር» የሚባል መሣሪያ አውጥቶ ነበር። የአንድ ሰው የኤክስቼንጅ (የማይክሮሶፍት የኢሜይል ሰርቨር) ፓስዎርድ የተሰረቀ እንደሆነ አጥቂው በሩቅ ሆኖ በዚያ ሰው የመልእክት ሣጥን ውስጥ ፕሮግራም የሚያስነሣ ሩል ይጽፋል፤ ሩሉ ሲንክ ሆኖ ወደ ሰውየው ኮምፒውተር ይወርዳል፤ ከዚያ አንድ ኢሜይል መላክ ብቻ ነው የሚቀረው። የሰኔው አፕዴት ይህን ነው የዘጋው።

መክፈቻው አለ። አውትሉክ ይዘጋል። ሬጂስትሪ ኤዲተር ተከፍቶ ኤችኪይ ከረንት ዩዘር፣ ሶፍትዌር፣ ማይክሮሶፍት፣ ኦፊስ፣ 15.0፣ አውትሉክ፣ ሴኩሪቲ ድረስ ይገባል፤ ሴኩሪቲ የሚባለው ፎልደር ከሌለ ይፈጠራል። እዚያ ባለ 32 ቢት ዲወርድ ቫልዩ ይሠራል፤ ስሙ ኢኔብል አንሴፍ ክላየንት ሜይል ሩልስ ነው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ያለ ምንም ክፍተት ተያይዞ ይጻፋል፤ ቁጥሩ 1 ይደረጋል። 15.0 የኦፊስ 2013 ነው፤ ለ2016 16.0፣ ለ2010 14.0 ይሆናል። አውትሉክ ተከፍቶ ሩሉ ላይ ምልክቱ እንደገና ይደረጋል። ቦታው ከረንት ዩዘር ስለሆነ አንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ሰው በየራሱ አካውንት የሚገባ ከሆነ ለሁለቱም ለየብቻ መደረግ አለበት፤ «ለእኔ ሠራ፣ ለእሷ እምቢ አለ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው።

ይከፈት ወይስ አይከፈት? ይህ ቢሮ ፖፕ ነው የሚጠቀመው፤ ሩሎቹ ያሉት በኮምፒውተሩ ላይ ስለሆነ ፓስዎርድ የሰረቀ ሰው በሩቅ ሆኖ ሩል ሊጭንባቸው አይችልም። አደጋው ለጊዜው ትንሽ ነው። ግን ሬጂስትሪ ውስጥ የተተወ 1 ማንም አያስታውሰውም። ቢሮው ነገ ወደ ኤክስቼንጅ ሲዛወር ያው በር ክፍቱን ይጠብቃል። ስለዚህ በሩ የተከፈተው ስምንቱም ላይ ሳይሆን ሩሉ በሚሠራበት በአንዱ የሰነድ ክፍል ማሽን ላይ፣ ያውም እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ብቻ ነው። በዚያ መሃል ሥራው ከሩል ወጥቶ ወደ ማክሮ፣ አውትሉክ ውስጥ ወደሚጻፍ ትንሽ ፕሮግራም፣ ተዛወረ።

ማክሮው የተጻፈው ዲስ አውትሉክ ሴሽን በሚባለው ሞጁል ውስጥ፣ ኒው ሜይል ኢኤክስ በሚባለው ኢቨንት፣ አዲስ ኢሜይል ሲገባ ማክሮውን በሚቀሰቅሰው ክስተት፣ ላይ ነው። ብዙ ሰው አይተም አድ የሚባለውን ይመርጣል፤ ሲጻፍ ይቀላል። ችግሩ ብዙ መልእክት ባንድ ጊዜ ሲገባ አይተም አድ ይዘላል። መብራት ሄዶ ወይ መስመር ጠፍቶ ሲመለስ አርባ ኢሜይል ባንዴ በሚወርድበት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ኒው ሜይል ኢኤክስ የገቡትን መልእክቶች መለያ በኮማ ለይቶ ይሰጣል፤ በስፕሊት እየነጠሉ እያንዳንዱን መክፈት፣ የላኪውን አድራሻ ማየት፣ ማብቂያው ፒዲኤፍ የሆነውን ብቻ ማስቀመጥ ነው።

ሁለት ነገር ካልታሰበባቸው ማክሮው ከሩሉ የባሰ ይሆናል። አንደኛ፣ ሴቭ አዝ ፋይል የሚለው ትእዛዝ ያው ስም ያለው ፋይል ካገኘ ሳይጠይቅ ላዩ ላይ ይጽፍበታል። የጅቡቲው ስካነር ሁሉንም ነገር «ስካን0001» ብሎ ስለሚሰይም፣ የጠዋቱ ቢል ኦፍ ሎዲንግ በከሰዓቱ ኢንቮይስ ይጠፋል። ስለዚህ ከስሙ ፊት መልእክቱ የገባበት ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ደቂቃና ሴኮንድ፣ ቀጥሎም የአታችመንቱ ተራ ቁጥር ተጨመረ። ሁለተኛ፣ በቀጥታ ሼርድ ፎልደር ላይ ማስቀመጥ ጥሩ አይደለም። ፎልደሩን የያዘው ማሽን በመብራት ከጠፋ ማክሮው መሃል ላይ ይወድቃል፣ መልእክቱም ሳይቀመጥ ያልፋል። መጀመሪያ ሲ ድራይቭ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ የዊንዶውሱ ሰዓት ጠባቂ ታስክ ስኬጁለር በየ5 ደቂቃው ሮቦኮፒ የሚባለውን የፋይል መገልበጫ እያስነሣ ወደ ሼርድ ይገለብጣል። ሼርዱ ቢጠፋ ቀጣዩ ዙር ይወስደዋል።

ማክሮ እንዲሠራ ሁሉንም ማክሮ መፍቀድ አያስፈልግም። ኦፊስ 15 በሚለው ፎልደር ውስጥ ሰልፍሰርት የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ በእሱ የቢሮው ሰርተፊኬት ተሠራ፣ ማክሮው በተጻፈበት በቪቢኤ ኤዲተር ቱልስ ሜኑ ውስጥ ባለው ዲጂታል ሲግኔቸር ተፈረመበት፤ ትረስት ሴንተር ላይ የተፈረመ ማክሮ ብቻ እንዲጠይቅ፣ ሌላው እንዲዘጋ ተደረገ። አውትሉክ መጀመሪያ ሲነሣ «ከዚህ አሳታሚ የሚመጣውን ሁሉ እመን» ማለት ነው። ሰርተፊኬቱ የሚታመነው በተሠራበት ማሽን ላይ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ሲቀየር እንደገና ይሠራል። ይህ ሁሉ አልቆ ሁለት ቀን ያለ እንከን ከሄደ በኋላ ሩሉ ተሰረዘ፣ ሬጂስትሪ ውስጥ የተሠራው ቫልዩም ተሰረዘ።

ሰርች

ይህኛው የመጣው ከአውትሉክ ሳይሆን ከዊንዶውሱ ጥቅል ነው፤ አውትሉክ የሚፈልገው በዊንዶውስ ሰርች ኢንዴክስ (የፍለጋ ማውጫ) በኩል ስለሆነ አንዱ ሲታመም ሌላው ያስላል። ኢንዴክሱን አጥፍቶ እንደ አዲስ መገንባት ተሞክሮ ሰዓታት ፈጀ፣ ምንም አልፈየደም። ማለፊያው፦ በኤችኪይ ሎካል ማሽን ሥር ሶፍትዌር፣ ፖሊሲስ፣ ማይክሮሶፍት፣ ዊንዶውስ፣ ዊንዶውስ ሰርች ውስጥ ፕሪቬንት ኢንዴክሲንግ አውትሉክ የሚል ዲወርድ፣ ቁጥሩ 1። ያኔ አውትሉክ ኢንዴክሱን ትቶ በራሱ ያስሳል። ይዘገያል፤ የብዙ ዓመት ፒኤስቲ (የአውትሉክ የኢሜይል ማኅደር ፋይል) ላይ ደግሞ በጣም ይዘገያል፤ ግን ያገኛል። የሐምሌው የዊንዶውስ ጥቅል ከተጫነ በኋላ ቫልዩው ተሰርዞ ሰርች ወደ ልማዱ ተመለሰ። ይህን መሰረዝ የሚረሱ ቢሮዎች ለዓመታት «ኮምፒውተራችን አርጅቷል» እያሉ ይኖራሉ።

ማረሚያውና የመስከረሙ ዙር

የፋይል ስሙን ስሕተት ማይክሮሶፍት ያረመው ሐምሌ 20፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 27 ቀን 2017፣ ከተለመደው ማክሰኞ ውጭ ሐሙስ ዕለት ነው፤ ለአውትሉክ 2013 ቁጥሩ ኬቢ 4011078 ነው። መስመሩን ላለማነቅ አንድ ጊዜ ብቻ ወርዶ በሼርድ ተቀመጠ፤ ባለ 32 ቢት ኦፊስ ስለሆነ ኤክስ 86 የሚለው ነው የሚያስፈልገው። ዊንዶውሱ 64 ቢት መሆኑ እዚህ አያገባውም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ያልተስማማው ፋይልም አልጫንም ይላል። አራቱ የሙከራ ስሞች እንደገና ተላኩ፣ አራቱም ተከፈቱ። የሩሉ ምርጫ ግን በዚህ ማረሚያም አልተመለሰም። ሊመለስም አይችልም ነበር።

ከዚያ መስከረም 2 ቀን 2010 የወጣው አፕዴት የዘመን መለወጫው ፈቃድ ሳያልቅ ሌላ ነገር ዘጋ። ቢሮው በአውትሉክ የተሠራ የወጪ መጠየቂያ ፎርም ነበረው፤ ትራንስፖርት፣ መጋዘንና ዲመሬጅ ሲሞላ ውስጡ ያለው ቪቢስክሪፕት ይደምራል፣ 15 በመቶ ቫት ይጨምራል። ፎርሙ ይከፈታል፣ ሣጥኖቹ አሉ፣ ድምሩ ግን ዜሮ ነው። የአፕዴቱ ቁጥር ለአውትሉክ 2013 ኬቢ 4011090 ሲሆን፣ በፎርም ውስጥ ያለ ስክሪፕት ከእንግዲህ እንደ ነባሪ ተዘግቷል ይላል። መክፈቻው ሁለት ቁልፍ ነው፦ አንዱ ዲስኤብል ከስተም ፎርም አይተም ስክሪፕት የሚባለውን ቫልዩ 0 ማድረግ፣ ሁለተኛው የሚታመኑ ፎርሞች ዝርዝር ውስጥ የዚያን ፎርም የመልእክት ክፍል ስም ማስገባት ነው። አንዱ ብቻ ከተደረገ ፎርሙ አይሠራም። እዚህ ግን አንዱም አልተከፈተም። ሦስት ቁጥር ለመደመር የደኅንነት በር መክፈት ትርፉ ስለማይታይ ፎርሙ ሼርድ ላይ በተቀመጠ የኤክሴል ቴምፕሌት ተተካ፤ በአንድ ከሰዓት አለቀ።

ሩል፣ ከዚያ ፎርም፤ ሁለቱም በሩለር መሣሪያ ውስጥ ያሉ መንገዶች ናቸው። ሦስተኛው የቀረው የፎልደር ሆም ፔጅ (ፎልደሩ ሲከፈት የሚታይ ድረ ገጽ) ነበር፤ እሱም በኦክቶበሩ ዙር፣ መስከረም 30 ቀን 2010፣ ተዘጋ። ቢሮው ሆም ፔጅ ስለማይጠቀም ያን ረቡዕ ጠዋት ማንም ምንም አላስተዋለም።

ተመሳሳይ ማክሮ ዛሬም የሚያስኬዱ ቢሮዎች ሌላ ነገር መቁጠር አለባቸው። ኦፊስ 2013 የደኅንነት አፕዴት ማግኘት ያቆመው በኤፕሪል 2023 ነው፣ ኦፊስ 2016ም በኦክቶበር 2025 ተከትሎታል። አዲሱ የዊንዶውስ አውትሉክ ደግሞ ቪቢኤ ማክሮንም የድሮዎቹን አድ-ኢኖችም አይቀበልም። ሰነድ ለይቶ የማስቀመጡ ሥራ ወደዚያ ከመዛወር በፊት ከአውትሉክ ወጥቶ ወደ ሰርቨር በኩል መሄድ ይኖርበታል፤ ለኤክስቼንጅ ኦንላይን የማይክሮሶፍቱ ራስ-ሰር ሥራ ማከናወኛ ፓወር አውቶሜት፣ ለተራ ፖፕና አይማፕ ደግሞ ሣጥኑን እየፈተሸ አታችመንት የሚያወርድ ራሱን የቻለ ትንሽ ፕሮግራም።